የክላረንስ ኮቫል ጩኸት

ክላረንስ ኮቫል ቅዳሜ ከሰዓት አፉን ዘግቶ ዕድሜውን የገፋ ሰው ነው። በሌላው ቀን እንደማንኛውም የኮርሊስ ከተማ ሰው ያወራል፣ ይነጫነጫል፣ በጉልበቱ ያማርራል። ወንዙ ዳር ያለው የብረት ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ሠራ፤ ከዚያ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳ፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ብርቱካንማ ሰደርያውን ለብሶ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ሜዳው መብራት ስለሌለው የኮርሊስ ልጆች ፉትቦል፣ ያንን በእጅ የሚወረወረውን የአሜሪካኖቹን፣ የሚጫወቱት በቀን ነው።

ሥራው ሰንሰለት መያዝ ነው። አንድ ቡድን ኳሷን ላለማስረከብ በአራት ሙከራ አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ አሥሩ ያርድ ደግሞ የሚለካው በሁለት ዘንጎች መካከል በተዘረጋ ሰንሰለት ነው። የኋላውን ዘንግ ጓደኛው ስታንሊ ፔትሮ ይይዛል፣ የፊቱን ክላረንስ። ከክላረንስ በፊት ይህን ዘንግ የያዘው አባቱ ነበር። የሰንሰለት ያዥ ሕግ አጭር ነው፤ ዳኛው አሥሩ ያርድ ሞልቷል ብሎ እጁን ሳያሳይ ዘንግ አይነቀልም፤ ለማንም አይጨበጨብም፣ ለማንም አይጮህም። የገዛ ልጁ ኳስ ታቅፎ በፊቱ ሽው ሲል እንኳ ክላረንስ ከንፈሩን አላላቀቀም። ሚስቱ ቬራ በዚህ ለብዙ ሳምንት አኩርፋው ነበር፤ እሱ ግን ይኮራበታል። ሀብት የለው፣ ሹመት የለው፤ ያንን ዘንግ ይዞ ሲቆም ግን የሁለቱም ተጋጣሚ ከተማ ሰው ያምነዋል።

ከዚያ ራይከር ማሎይ መጣ።

ልጁ ኳርተርባክ ነው፤ ኳሷን ተቀብሎ የሚወረውረው፣ ቡድኑን የሚነዳው እሱ ነው። ገና በልጅነቱ የውርወራው ቪዲዮ በስልክ ከአገር አገር ሲዞር ነበር። አባቱ ከወንዙ ማዶ ቤተሰቡን ጠቅልሎ ኮርሊስ የገባውም ለዚሁ ለኳስ ነው ይባላል። ልጁ ወርቃማ ጫማ ያደርጋል። የቴሌቪዥን ሰዎች ይከተሉታል። ኳሷን መጨረሻው መስመር ባሻገረ ቁጥር ወደ ተጋጣሚ ደጋፊዎች ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል፤ ዝም በሉ ማለቱ ነው። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ስሙን የያዘ ሰሌዳ ደጁ ላይ ተከለ፤ ግማሹ ቅጥረኛ ነው አለ። በእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አዳራሽ የእሁድ ቁርስ ላይ በእሱ የተነሳ አንድ ጠረጴዛ መጋራት ያቆሙ ወንድማማቾች አሉ።

ክላረንስ ከማይወዱት ወገን ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የሚናገረው። ቬራ ደግሞ የልጁ ፊት የታተመበት ካናቴራ ገዛች።

«የሌላ ሰው ልጅ ፊት ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ነው ሰው መሀል የምትገቢው?» አላት አንድ ቀን።

«ምን ላድርግ፣ ያንተን ፊት የሚሸጥ ሱቅ አጣሁ» አለችው።

ነገር ግን ከተማው ውስጥ ልጁን እንደ ክላረንስ ከቅርብ ያየው አልነበረም። ግድግዳ የሚያካክሉ ልጆች ከስክሰው ሲጥሉት፣ ጭቃውን ከአፉ እየተፋ ስቆ ሲነሳ አይቷል። ተሳስተው ያስመቱትን ጓደኞቹን በክፉ አፍ ሲሳደብም ሰምቷል፤ ወዲያው ደግሞ እነዚያኑ ልጆች እጃቸውን ይዞ ሲያነሳ አይቷል። ኳሷ በጆሮው ሥር ስታልፍ የምታሰማውን ፉጨት ያውቃል። ቅዳሜ ማታ ራት ላይ አንዳንዴ «ዛሬ አንዲት ውርወራ...» ብሎ ይጀምርና ድንቹን መቁረጥ ይቀጥላል። ቬራም አትጠይቀውም።

በጥቅምት መጨረሻ የጎረቤቷ ከተማ የሚልበርን ቡድን መጣ። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር ሜዳው ጭቃ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኮርሊስ በሦስት ነጥብ እየተመራ ነው፤ የቀረችው አራተኛዋ ሙከራ ብቻ ናት። ራይከር የሚወረውርለት ሰው አጣና ኳሷን አቅፎ ራሱ ሮጠ። ሁለት ልጆች ያዙት፤ ከአንዱ እጅ ሾልኮ ወጣ፤ ሌላውን ጀርባው ላይ አዝሎ እየጎተተ መጣና ልክ ክላረንስ እግር ሥር ተዘርሮ ኳሷን እንደያዘ እጁን ወደፊት ዘረጋ።

ክላረንስ የሆነ ሰው «ሂድ አንተ ልጅ! ሂድ!» ብሎ ሲጮህ ሰማ። ድምፁ የራሱ መሆኑን ያወቀው ዘንጉን ነቅሎ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ስታንሊም፣ ክላረንስ ተሳስቶ ስለማያውቅ፣ ዳኛው አሳይቷል ብሎ ዘንጉን ነቅሎ ተከተለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ተብላ፣ ሰንሰለቱ ቢነሳ የነበረበትን ቦታ እንድታሳይ የምትታሰርበት ትንሽ መቆንጠጫ ተፈናጥራ ጭቃው ውስጥ ጠፋች።

ዳኛው ግን እጁን አላሳየም ነበር።

የሚልበርን አሠልጣኞች ጮኹ። ዳኛው፣ ከቆቡ ጫፍ ውሃ የሚንጠባጠብ አጭር ሰው፣ ረጋ ብሎ መጣና ዘንጉ የት እንደነበር ጠየቀ። ስታንሊ እውነቱን ተናገረ፤ አያውቅም። ሁሉም ወደ ክላረንስ ዞሩ።

ክላረንስ ያውቅ ነበር። የታመመ ጉልበቱን ለማሳረፍ ሁልጊዜ በግራ እግሩ ስለሚደገፍ፣ ያ ተረከዝ ጭቃው ውስጥ ጠልቆ የገባበት ቦታ እዚያው ይታየዋል። በዚያ ሁሉ ዱካ መሀል ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። አንድ እርምጃ ወደኋላ አድርጎ ቢተክለው ኳሷ ዘንጉን አልፋ ትገኛለች፤ የሚከራከረውም የለም። የኮርሊስም ሰው ይህን ስለገባው «ወደኋላ፣ ክላረንስ፣ ወደኋላ» እያለ ከላይ ይጣራል። ስታንሊ ጫማ ጫማውን ያያል።

ክላረንስ ሄደና ዘንጉን ተረከዙ የነበረበት ላይ ተከለ።

ኳሷ ከዘንጉ በአንድ መዳፍ ጎድላ ተገኘች። ኳሷ ለሚልበርን ሆነች።

ክላረንስ በሕይወቱ እንደዚያ ተሰድቦ አያውቅም። ለማን ነው የምትሠራው የሚለው አለ፣ ይህ ሽማግሌ መነጽር ይገዛለት የሚለው አለ፤ የራይከር አባት አጥሩን ይዞ የሚለው አይደገምም። ልጁ ከጭቃው ተነሳ፤ ኳሷን ለዳኛው ሰጠና በክላረንስ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ሚስተር ኮቫል፣ ልክ ነው ያስቀመጡት። ጎድሎኛል።» ከዚያ ያቺን የከተማውን እኩሌታ ጥርስ የምታስነክሰውን ፈገግታ ፈገግ አለ። «ሲጮሁልኝ ግን ሰምቻለሁ።»

ይህን ብሎ ወደ ኮርሊስ ደጋፊዎች፣ ወደ ገዛ ሰዎቹ ዞረና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እንደዚያ አቁሞ አያቸው። ስድቡ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየቀነሰ ሄደ፤ አባቱም አጥሩን ለቀቀ። ክላረንስ ደረቱ ሲሞላ ተሰማው፤ በዚህ እብሪተኛ ልጅ በመኩራቱም ተናደደ።

ጨዋታውን በዚያችው በሦስት ነጥብ ተሸነፉ። በሳምንቱ ውስጥ ነዳጅ ቀጂው ሰላምታ ነሳው፤ አንዱ ቀልደኛ ደግሞ በራቸው እጀታ ላይ የመለኪያ ሜትር አንጠልጥሎ ሄደ። ቬራ ሜትሩን ወስዳ መጋረጃ ለካችበት።

ክላረንስ ሰደርያውን አጥቦ፣ አጣጥፎ የትምህርት ቤቱን የስፖርት ኃላፊ ዳርሊን ሩሶን ሊያነጋግር ሄደ። ዳርሊን በልጅነቷ በእሱ አውቶቡስ ተመላልሳለች። ሰደርያውን አልቀበልም አለችው። ዘንግ ቀድሞ መንቀል ማንም ላይ ይደርሳል፤ ያ ሁሉ ሰው እየጮኸበት እውነተኛው ቦታ ላይ የሚተክል ግን ከየት ይገኛል ብላ ተከራከረችው። ከዚያ፣ ለደንቡ ያህል፣ አንዲት ነገር ጠየቀችው።

«ያ ልጅ ሲጫወት አፍዎን መዝጋት ይችላሉ አይደል?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አንድ ቃል ቢናገር የአባቱ ዘንግ እጁ ላይ ይቀራል።

«አልችልም» አለ ክላረንስ። «እጄን አምነዋለሁ፤ አፌን ግን አላምነውም።»

ዳርሊን ሰደርያውን ተቀበለች። ክላረንስ ወደ መኪናው ሲሄድ አንገቱን አልደፋም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቬራ ጎን መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ አንዴ ኪሱ ይከታል፣ አንዴ ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። ከታች ስታንሊ የፊቱን ዘንግ ይዟል። ራይከር የመጀመሪያዋን ኳስ በትዕቢት፣ ሦስት ሰው ወደከበበው ጓደኛው ወረወረና ተጋጣሚ ቀለባት። ክላረንስ ብድግ አለ። ጫማውን ማየት ትቶ ሰው እንዲያይ፣ ማን እንዲህ ወርውር እንዳለው፣ በዚህ ጭንቅላቱ ኮሌጅ ምን ሊሠራ እንደሚሄድ ጠየቀው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ያጠራቀመው ድምፅ እስከ ወንዙ የሚሰማ ነበር። ቬራ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች።

ጥቂት ቆይቶ ልጁ ወደኋላ አፈግፍጎ፣ ሊደርሱበት ሲሉ ዘወር ብሎ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የምታቋርጥ ኳስ ለቀቀ። ክላረንስ እንደገና ተነሳ። አሁን የሚጮኸው ሌላ ነበር፤ እዩት፣ እዩልኝ ነበር የሚለው፣ ራሱ የወለደው ይመስል።

ከፊቱ የተቀመጠው ሰውዬ ተነስቶ ዞረበት። «ቆይ ግን ክላረንስ፣ ይሄን ልጅ ትወደዋለህ ወይስ ትጠላዋለህ?»

«ቁጭ በል፣ ከለልከኝ» አለው ክላረንስ። ኳሷ ገና አየር ላይ ነበረች።