የአርጊሮ የጓሮ ክፍል

ያ በጋ ነፋስ ያልነበረበት በጋ ነው። ሌላ ጊዜ የእኛ የበጋ ወር ነሐሴ ሲገባ የሰሜኑ ነፋስ ደሴታችንን ሲደበድባት ይሰነብታል፤ መርከብ እንኳ ይቀራል። ያን ዓመት ግን ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ተኛ፣ በለሱ ዛፉ ላይ እንዳለ ፈነዳ፣ ሰውም በሩን ከፍቶ አደረ። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየንም። አርጊሮ ፎቲኒን፣ ያችን አንድ ልጇን፣ የዳረችው በዚያ ነሐሴ ነው።

እኛ ዘንድ ቤት የሴት ነው። ወንድ ልጅ ጀልባውን ወይም የተራራውን ማሳ ይውሰድ፤ ቤቱ ግን በሰርጓ ቀን ከእናት ወደ በኩር ሴት ልጅ ያልፋል። እናትየዋ የዚያኑ ዕለት ልብሷን ጠቅልላ ወደ ጓሮው ክፍል ትወርዳለች። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ በቃ። እስክትሞት እዚያው ናት። የአርጊሮ እናት የሞተችው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ አያቷም እንዲሁ። አርጊሮም ለራሷ ሌላ አሟሟት አስባ አታውቅም።

ውል ጸሐፊው ከትልቁ ደሴት መጥቶ ወረቀቱን ሲያነብላት፣ በሕይወት እስካለች ከጓሮው ክፍል ማንም እንዳያስወጣት አንድ መስመር ልጨምር ወይ ብሎ ጠየቃት። ሙሽራው፣ የሙሽራው ወገን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተቀምጦ ይሰማል። የአርጊሮ ፊት ደም መሰለ።

“ከገዛ ልጄ ጋር ልዋዋል?”

“ለክፉ ቀን ብዬ ነው፣ እሜቴ።”

“ክፉ ቀን ከልጄ አይመጣብኝም። ሙሉውን ጻፍ።”

ሰዉ አጨበጨበላት። ቤት ቆርሶ መስጠት ሙሽራይቱን በባሏ ወገን ፊት ማሳነስ ነው፤ ማናችንም ብንሆን ያንኑ ነበር የምንለው።

ፎቲኒ ግን ቤቱ ውስጥ ሁለት ክረምት እንኳ አልኖረችበትም። ባሏ አቴንስ ሥራ አገኘና ሄዱ። ቤቱ ተዘግቶ ከሚሻግት ብለው በበጋ ለእንግዳ ያከራዩት ጀመር፤ አርጊሮም ከጓሮ እየወጣች ታጥባለች፣ ታነጥፋለች። የሚመጡት ከብርድ አገር ነው። የሚፈልጉት ጸጥታ ብቻ ነው፤ ይዋኛሉ፣ ያነባሉ፣ ወይኑ ጥላ ሥር ተዘርግተው ይተኛሉ። አርጊሮ ለእነሱ ብላ የፍየሏን ቃጭል በጨርቅ ወተፈችው። አውራ ዶሮዋንም አረደችው። ጎረቤቷ ስታማቲያ በግንቡ ላይ አንገቷን አስግጋ፣

“አንቺ፣ እንግዶችሽ ሞተው ነው እንዴ የመጡት? ዶሮ ሳይጮህ የሚነጋው መቃብር ብቻ ነው” አለቻት። አርጊሮ ሳቀችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለቻት።

ከእንግዶቹ ሁሉ የምትወዳቸው ኢንግሪድንና ባሏን ነው፤ ጀርመኖች ናቸው። አሥራ ሁለት በጋ ተመላልሰዋል። ማለዳ ማለዳ በለስና አይብ ደጃቸው ላይ ታኖርና በእግሯ ጣት እየረገጠች ትመለሳለች። ኢንግሪድ ስታያት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ሰማይ ታመለክታለች፤ ገነት ማለቷ ነው።

አንድ ፋሲካ ፎቲኒ ብቻዋን መጣች። በጉ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ጣሪያው ማፍሰሱን፣ መንገዱ እንደሰለቻት፣ ብዙ ብዙ አወራች፤ በኋላ፣

“እማ፣ ቤቱን ልሸጠው ነው” አለች። “ለማን ላስቀምጠው? አንድ ልጅ አለኝ፣ እሱም ወንድ ነው።”

“የጓሮውስ?”

“አብሮ ነው የተጻፈው። ሙሉውን ጻፍ ያልሽው አንቺ ነሽ።”

በክፋት አልነበረም የተናገረችው። እያለቀሰች ነው። አርጊሮ ተነስታ የቀዘቀዘውን በግ ከገበታው አነሳች። ገዢዋ ኢንግሪድ መሆኗን ስትሰማ ግን ትንሽ ነፍስ ዘራች፤ ያቺ ሴት ታውቀኛለች፣ ከአንዲት ክፍል አታስወጣኝም አለች። ለስታማቲያም ደጋግማ ነገረቻት። እንዲያውም የጓሮ ክፍሏን ግድግዳ ኖራ ቀባችው።

ሰኔ ላይ ኢንግሪድ ሜትር የያዘ ሰው አስከትላ መጣች። ሰውየው በቀጥታ የገባው ወደ ጓሮው ክፍል ነው። ኢንግሪድ አርጊሮን አቀፈቻት፣ ብዙም ተናገረች። በወጣትነቱ ጀርመን ፋብሪካ የሠራው የመሸታ ቤቱ ፓንዴሊስ አስተረጎመ።

“ይቺን ክፍል ለወዳጆቻቸው ማረፊያ ሊያደርጓት ነው። አንቺን ግን አንረሳትም ትላለች። በየበጋው መጥተሽ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት እንድታርፊ ትፈልጋለች። እንግዳ ሆነሽ፤ ምንም ሳትሠሪ።”

አርጊሮ፣ “ከየት ተነስቼ ነው የምመጣው? ብለህ ጠይቅልኝ” አለችው።

ፓንዴሊስ አልተረጎመውም። ኢንግሪድም ፈገግ ብላ ትጠብቅ ነበር።

መስከረም ላይ አርጊሮ በሐሙሱ መርከብ ሄደች። ፍየሏን ለስታማቲያ ተወችላት። አቴንስ፣ ፎቲኒ ቤት፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ዓመት ከመንፈቅ ኖረች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ፎቲኒ ብቻዋን ልታነሳት አልቻለችም። በጋ ሲሆን እኛ እዚህ ደሴቱ ላይ ደህና ነን፤ ኢንግሪድ ወንበሮቿን ወይኑ ሥር ታወጣለች፣ ወዳጆቿም ይመጣሉ፣ ድምፅ የላቸውም። ባለፈው የካቲት ስታማቲያ ለዓይኗ ሕክምና አቴንስ ሄዳ አርጊሮን ፈልጋ አገኘቻት። አርጊሮ ስለ ቤቱ አልጠየቀቻትም። ስለ ማንም አልጠየቀቻትም።

አሁን ያለችው ከአቴንስ አጠገብ፣ ከፒሬዎስ ወደብ ጀርባ በሚገኝ የአረጋውያን ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሦስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ነው።