«ምች ነው» ያሉ ጊዜ

ያኔ ኮልፌ ውስጥ ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው ከልብስ ሰፊው ከአባባ ሸምሱ በረንዳ ላይ ነበር። አመሻሽ ላይ ሥራ ሲጨርሱ የከሰል ካውያቸውን ከፍተው ፍሙን ምድጃ ላይ ይገለብጡታል፤ እኛ የሰፈር ልጆች ዙሪያውን እንኮለኮላለን። መብራት ሲጠፋ ፊታቸው በፍሙ ብቻ ይቀላ ነበር። ጅብ ሲሆኑ ከንፈራቸው ይንጋደዳል፣ ጦጣ ሲሆኑ ጉንጫቸው ይነፋል፤ አንድ ፊት ላይ ያን ሁሉ አውሬ እንዴት እንደሚያመጡት ዛሬም ይገርመኛል።

አንድ ምሽት ጅቡ አህያይቱን ሲያባብል አፋቸው ወደ ግራ ተንጋደደ፤ ቃላቸውም ተጎተተ። ጅቡን የሆኑ መስሎን ሳቅን። ከዚያ ለሃጫቸው ወረደ፣ መቆስቆሻው ከቀኝ እጃቸው አመለጠ። ሊያነሱት ቢሞክሩም ክንዳቸው አልታዘዝ አላቸው። ልጃቸው ሐያት ከውስጥ ሮጣ ወጣች።

ከእሷ እኩል ጎረቤታችን ጋሽ ተካ ደረሱ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባሉ ዓይነት ሰው ነበሩ።

«ምች ነው የመታቸው!»

«ጋሽ ተካ፣ ታክሲ ልጥራና ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው» አለች ሐያት።

«ምች የመታው ሰው መርፌ ከነካው አለቀለት! አባትሽን ልትገያቸው ነው እንዴ?»

ጋሽ ተካ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፈው ባልታጠበ መዳፋቸው አሽተው፣ አረንጓዴውን ጭማቂ በአባባ ሸምሱ አፍንጫና አፍ ጨመቁባቸው። ሽማግሌው መዋጥ አቅቷቸው ታነቁ፤ ጭማቂው ከለሃጭና ከንፍጥ ጋር ተለውሶ ሸሚዛቸው ላይ ተዝረከረከ። ከተሰበሰበው ጎረቤት አንዱ ክብሪት እየጫረ ጭሱን ያሸትታቸው ጀመር። «አያችሁ፣ ምቹ እየወጣላቸው ነው!» አሉ ጋሽ ተካ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ። ያ ሁሉ ትልቅ ሰው ቆሞ «እሰይ» አለ።

ሐያት ለምና ለምና ሐኪም ቤት ያደረሰቻቸው በማግስቱ ነው። ነርሷ የነገረቻትን እያለቀሰች ነገረችን፤ አፍ ድንገት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም አንደበት ሲተሳሰር ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱን እንኳ ያየ ሰው በአፍ ምንም ሳይሰጥ ወዲያው ሐኪም ቤት መሮጥ አለበት። ማታውኑ ቢመጡ መድኃኒት ነበረ፤ አሁን ግን ጊዜው አልፏል አለቻት።

አባባ ሸምሱ ነፍሳቸው ተረፈች፤ አንደበታቸው ግን አልተመለሰም። ዛሬ እናቴ ንግግሯ ትንሽ ከተኮላተፈ «ፈገግ በይ፣ ሁለቱንም እጅሽን አንሺ» እላታለሁ፤ ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ከተረቶቹ ብዙዎቹን ረስቻለሁ፤ ያልረሳሁት ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ ጋሽ ተካ ላለፈ ላገደመው የሚያወሩትን ነው።

«በዚህች እጄ አተረፍኳቸው! ሐኪም ቤት ሄደው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሉም።»

«እጅዎት ይባረክ» ይላቸዋል ሰው። አባባ ሸምሱ አጠገባቸው ተቀምጠው ሁሉን ይሰማሉ። አንድ ቀን ጋሽ ተካ «አይደለም እንዴ ሸምሱ?» ብለው ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አደረጓቸው። አባባ ሸምሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ በደህናው እጃቸው ያን መዳፍ ከላያቸው አንስተው ወረወሩት።

«አያችሁ? ሲያመሰግኑኝ እኮ ነው!» አሉ ጋሽ ተካ። ሰዉም አመነ።