እናቴ ቅርስ ውስጥ ስትኖር

ሞጣ ያለው የእናቴ ቤት ቅርስ እንዲባል ደጅ የጠናሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። አያቴ ከጨርቅ ንግዱ በቆጠበው የሠራው ባለአንድ ፎቅ የጭቃ ቤት ነው፤ የእንጨት ሰገነት አለው፣ ደረጃው ሲረግጡት ያቃስታል። ቢቸና በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለባልደረቦቼ "የእኛ ቤት እኮ…" ብዬ መጀመር ስለምወድ፣ የቅርስ ኮሚቴ ተቋቋመ ሲባል አውቶቡስ ተሳፍሬ ከች አልኩ። ሳሩን እንጂ ገደሉን አላየሁም።

ኮሚቴው መጣ፣ አየ፣ አደነቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ ከበሩ በላይ ሰፊ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተቸነከረ፤ "ይህ ቤት ቅርስ ነው። ማደስም ሆነ መለወጥ ክልክል ነው።" እኔ ሥሩ ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ። እናቴ ሰሌዳውን አንብባ ስትጨርስ፣

"መኖርስ ይፈቀዳል?" አለች።

ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሐምሌ ሲገባ ጣራው ያፈስ ጀመር። ሁለት የዛገ ቆርቆሮ ቢቀየር የሚያልቅ ነገር ነበር፤ አናጢውም ጎረቤታችን ነው። ግን ቅርስ ነዋ! ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው ባለሙያ ደግሞ ስለ ቅርስ ጥበቃ ሊሠለጥን አንዲት ትንሽ የሃንጋሪ ከተማ ሄዷል፤ ሲመለስ ያየዋል ተባልኩ። ሰውየው ደግ ነው፣ ፎቶ ይልክልኛል። ኖራ የተቀቡ አሮጌ ቤቶች፣ መስኮታቸው ላይ አበባ፣ ቀይ የሸክላ ጣራ፣ እንዳይነካ በገመድ የታጠረ ያረጀ ማረሻ።

አንድ ቅዳሜ ሞጣ ስደርስ እናቴ ፎቅ ላይ አልጋዋን ለሦስተኛ ጊዜ አዛውራለች። ራስጌዋ የተቀመጠው ሳፋ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ላጽናናት ብዬ ፎቶዎቹን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው።

"የእነሱ ጣራ ያፈሳል?"

ለባለሙያው ጽፌ ጠየቅሁት። "በየጊዜው ይጠግኑታል" ብሎ የመለሰውን አነበብኩላት።

"ፈቃዱን ማን ይሰጣቸዋል? የእኛው ሰውዬ?"

ሳቅሁ። እሷን ሳል ያዛት፣ ቶሎም አልለቀቃት። ብርድ ልብሷን ብነካው ረጥቧል። በራሴ አፈርኩ። ለኮሚቴው እንደገና ማመልከቻ እንደምጽፍ ነገርኳት።

"ተወው ልጄ። ሰሌዳውን ያስቸነከርክ አንተ አይደለህ? አንተው ንቀለው።"

"እማዬ፣ ያስጠይቃል እኮ።"

"ወላሂ፣ ካልነቀልከው ራሴ እወጣለሁ።"

ትወጣለች። ስለማውቃት ዝናቡ ጋብ ሲል ከአናጢው መሰላል ተዋስኩ። ሰሌዳውን ነቅዬ ሳየው ደህና ወፍራም ቆርቆሮ ነው፤ እዚያ ቤት ላይ ካለው ሁሉ አዲሱ እሱ ነው። ጣራው ላይ ወጥቼ ቀዳዳው ላይ ደፋሁትና ቸነከርኩት።

ስወርድ እናቴ አልጋዋን ወደ ቀድሞ ቦታው መልሳ ተጋድማለች። ቤቱ ኮርኒስ ስለሌለው ቀና ብዬ አየሁ። በዛገው ቀዳዳ በኩል ከጽሑፉ የሚታየው "ክልክል ነው" የሚለው ብቻ ነው። ወዲያው ዝናቡ ተመልሶ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ሁለታችንም ሳፋውን አየን። ዝም አለ።

"አሁን ገና ለሚገባው ተነገረ" አለች።

ባለሙያው ሲመለስ ምን እንደምለው አላውቅም። እናቴ ግን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ዶፉ እየወረደ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።