ከበሩ ሥር የሚቆም ሰው

ጎረቤቴን ጋራዥ ውስጥ «ክሬን» ይሉታል፤ በየበሩ ጎንበስ ሳይል የማያልፍ ረጅም ሰው ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ባለፈው ዓመት ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሰላምታ ይመልሳል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ሥራ ይገባል። ሲያለቅስ ግን ያየው የለም። ሲስቅም።

ሚስቱ እዚያው ጋራዥ መለዋወጫ ክፍል ነበረች። በሞተር ወደ ላይ የሚከፈት የመኪና የኋላ በር በጠገነ ቁጥር ይጠራታል። ባትሪ ተነቅሎ ሞተሩ የተቀየረ በር ልኩን ይረሳል። በእጅ ገጥሞ መዝጋት፣ ከዚያ በሩ ላይ በሚጫነው ቁልፍ እስከ ጥግ ከፍቶ መልሶ መዝጋት ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሲከፈት የት ላይ እንደሚቆም ይነገረዋል። እሷ ከበሩ ሥር ቆማ እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች። «እዚህ ጋ» ስትል እሱ ቁልፉን ተጭኖ ይይዛል፤ መኪናው ጢጥ ይላል፤ አለቀ።

«ባለመኪና ሁሉ እንዳንተ ቀጭኔ መሰለህ?» ትለው ነበር።

ከሞተች በኋላ ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ተዋት። በሩን እስከ ጥግ ከፍቶ ያስረክባል።

አንዲት አጭር አዋላጅ መኪናዋን ይዛ ሁለቴ ተመለሰች። መዝጊያው ቁልፍ ያለው በሩ ጫፍ ላይ ነው፤ እጇ አይደርስም።

«ጋሼ፣ መሰላል ልግዛ እንዴ?» አለችው። «ዝናብ ላይ ቆሜ በሩን ቀና ብዬ ሳይ ሰዉ ጸሎት ላይ ያለሁ ይመስለዋል!»

የጋራዡ ባለቤት የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ወደ ጥግ ወሰደው።

«ስማ ወንድሜ፣ ካሁን በኋላ ከተመለሰች ቤትህ ሆነህ ትንሽ ብታርፍ ይሻላል።»

ቤት ማረፍ ምን ማለት እንደሆነ ክሬን ያውቀዋል። ግድግዳ ማየት ነው። ከሥራው ሌላ ምንም አልቀረውም።

ተመልሶ በሩን በእጁ ዘጋ፤ በቁልፉ ከፈተ፤ ዘጋ። ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ረስተኸው ነበር እንዴ?» አልኩት ይህን ሲነግረኝ።

«ኧረ አልረሳሁም። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሰው እንዲቆም አልፈለግኩም።»

ከዚያ አዋላጇን ጠራት። «እህቴ፣ እስቲ እዚህ ቁሚና እጅሽን ዘርጊልኝ።»

ቆመች፤ ዘረጋች። ከሚስቱ እጅ አንድ መዳፍ ያህል ዝቅ ይላል። በሩን እዚያው ላይ አቁሞ ቁልፉን ተጭኖ ያዘ። ጢጥ አለ። አዋላጇ ሳትንጠራራ ዘጋችው፤ ደግማ ከፈተችው፤ ዘጋችው።

«ይኸው! ከመጀመሪያውስ ምን ነበረበት?»

«ምንም» አላት።

«ከዚያስ?» አልኩት፣ እንባ ነገር ጠብቄ።

«ከዚያማ እጄን ታጠብኩ።»

አሁን መለዋወጫ ክፍል የገባችውን አዲሷን ሴትዮ እየጠራ ከበሩ ሥር ያቆማታል አሉ። ፊቱ እንደዚያው ነው፤ ትናንትም በሕንፃችን ደረጃ ላይ ሰላምታዬን መልሶልኝ አለፈ። እኔ ግን ከኋላው ቆሜ ተመስገን አልኩ።