ታክሲ ነጂ ተብሎ ይጻፍ

ቅዳሜ ንጋት፣ ኦሪጅናል ኦሮራ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. 2014

ገና ጎህ ሳይቀድ እትዬ ለተብርሃን ደጄ ላይ መኪናቸውን አቁመው ክላክስ ያደርጋሉ። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ተስፋይ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው፤ መቃብራቸው ላይ ግን ያለው የፕላስቲክ ምልክት ብቻ ነው። ዛሬ ከሰዓት ለድንጋይ ቀራጩ ጽሑፉን መስጠት አለብን። ድንጋይ አንዴ ከተቀረጸ አይመለስም፤ እትዬን እንቅልፍ የነሳቸው ይሄ ነው።

ዋሽንግተን ያሉት የሟች ወንድም ጽሑፍ ልከዋል፦ «ታላቅ ሰው፣ ደግ፣ አዛኝ፣ አገር ወዳድ።»

«ታክሲ መንዳቱን እንዳትጽፉ አለ» አሉኝ እትዬ። «አገር ቤት ሹም ነበር ብሎ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ይሄ የማን ባል እንደሆነ እንጃ።»

ረፋድ፣ ዴንቨር

ሙዚየም ውስጥ የጥንት ግሪክና ሮም የመቃብር ድንጋዮች ለእይታ ቀርበዋል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ሐሳብ ቢሰጠን ብዬ በመኪናቸው እንድንሄድ አግባባኋቸው። በኮልፋክስ ጎዳና ካፒቶል ሂል የሚባለውን ሰፈር አልፈን ፓርክ አደረግን፤ አሥራ ሁለት ዶላር። «መኪናውን ሊያጥቡልን ነው?» አሉ እትዬ።

እኔ ነገሥታትን ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት ዳቦ ጋጋሪ፣ አዋላጅ፣ በቅሎ ነጂ። ለውሻው ድንጋይ ያቆመም አለ። መቃብሩ መንገድ ዳር ስለነበር አንዳንዱ አላፊውን ቆም ብለህ አንብበኝ ይላል። ከእንግሊዝኛው መግለጫ እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው።

«በቅሎ ነጂ ብሎ አስጽፎ!» እትዬ ሳቁ። «የእኛ ሙታን ሁሉም ደግ ናቸው፤ ሥራ የነበረው የለም።»

ከበቅሎ ነጂው ድንጋይ ግን አልራቁም።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ ተስፋይ ቁጡ ነበር። ግን ሰው ካደረሰ በኋላ ቤቱ መብራት ሳይበራ ንቅንቅ አይልም። ስንት ራይድ፣ ስንት ተሳፋሪ አመለጠው! እኔም እጮህበት ነበር።»

ከሰዓት፣ ኮሜርስ ሲቲ

የቀራጩ ሱቅ በመጋዘኖች መሀል ነው። አማርኛ ስለማያውቅ እኔ የጻፍኩትን ፊደል እንዳለ ገልብጦ ይቀርጻል። እትዬ የወንድምየውን ወረቀት አጥፈው ቦርሳቸው ከተቱና አስጻፉኝ፦

«ተስፋይ። ታክሲ ነጂ። የተሳፋሪው ቤት መብራት ሳይበራ አይሄድም ነበር።»

«ወንድማቸውስ?» አልኩ።

«ሲመጣ ቆም ብሎ ያንብበው።»

ማምሻ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ

ደጄ ላይ አወረዱኝ። ደህና ይደሩ ብዬ ደረጃውን ወጣሁ፤ ቁልፌ ከኪሴ አልገኝ ብሎኝ ቆየሁ። ዞር ስል መኪናቸው እዚያው ቆሟል። ገብቼ መብራቱን አበራሁ።

ያኔ ሄዱ።