አጎቴ አለቃነቱን ያስረከቡኝ ቀን
ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ የሰፈራችን የገና ተጫዋቾች አለቃ ነበሩ። ከየጨዋታው በፊት፣ «እኔ ብቀር ማን ይመራችኋል?» ይሉናል፤ እኛም እንስቃለን።

ጣሊያን ቡሬ ከገባ ወዲህ፣ ዱላ ይዘው የሚሰበሰቡት ለሽፍትነት ነው ተባለና ጣሊያኖቹ አጎቴን ወደ ምሽጋቸው አስጠሯቸው። ሊሄዱ ሲሉ ያንኑ ጠየቁን። የሳቀ የለም።

«አንተ ትመራለህ» አሉኝ።

«አጎቴ፣ እኔ እፈራለሁ።»

«ስለምትፈራ ነው። ደፋሩን ብሾም ልጆቹን ያስፈጅብኛል።»

እንደ ወጡ ቀሩ፤ አስከሬናቸውንም ከለከሉን።

የገና ዕለት ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ ጠበቁኝ። ከሜዳው በላይ ካለው ጉብታ የጣሊያን ወታደሮች ያዩናል። አጎቴ ይቆሙበት ከነበረው ቦታ መቆም አልደፈርሁም፤ ከጎኑ ቆምሁ። «ዘንድሮ ጨዋታ የለም፤ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ግቡ» አልኋቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከቤታቸው እስኪገቡ ድረስ ከዚያው አልተነቃነቅሁም።