አልበራችም ያልኳት መብራት

ልጄ ጠዋት ሚኒባሱን ሊያስነሳ ቁልፉን ሲያዞር፣ ከመሪው ፊት አንዲት ቀይ መብራት ትበራለች። የዘይት ምልክት ናት። እሷን ባየሁ ቁጥር ታላቅ ወንድሜ ትዝ ይለኛል።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ፣ ሄርማታ ሰፈር ስንኖር አባቴ አሮጌ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ጋቢናው ናፍጣና እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ያን ክረምት ወጣቱን ለውትድርና ያፍሱት ነበርና፣ አባቴ ታላቅ ወንድሜን ጀማልን ገጠር አክስቴ ዘንድ ሊሸሽገው ቆረጠ። ጀማል ከኋላ፣ ባዶ የቡና ጆንያ ስር ተኛ። እኔን ጋቢና ያስቀመጠኝ፣ ልጅ የያዘ ሰው ብዙ አይጠረጠርም ብሎ ነው። ጀማል ጆንያውን እየለበሰ እንኳ፣ «ካስነጠስኩ አንቺ ነሽ ያስነጠስሽው፣ እሺ?» ብሎ አሳቀኝ።

ብዙም ሳንርቅ የጭነት መኪናው ቀይ የዘይት መብራት በራች። አባቴ ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጣ፣ በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ነከረ፤ ዘይቱ ሙሉ ነው። ቀጥሎ ወደ መብራቷ የሚሄደውን ሽቦ በጣቱ ተከተለ፤ ተልጦ ብረት ይነካል። በላስቲክ ጠቀለለው። ሲያስነሳ መብራቷ ጠፋች።

«ሽቦው ነው የዋሸን» አለኝ። «አሁን ከበራች ግን እውነቷን ነው። ዘይቱ ቢኖርም ፓምፑ ካልገፋው ሞተሩ ይደርቃል። እኔ ጭቃውን ልይ፣ አንቺ እሷን እያት።»

አጋሮ ኬላ ከሩቅ ሲታየን መብራቷ በራች። ወታደሮቹ መንገዱን የዘጋው ገመድ አጠገብ ቆመዋል። ከነገርኩት ይቆማል፣ ከቆመ ይመጣሉ ብዬ ፈራሁ፤ ኬላውን እስክናልፍ ብዬ ዝም አልኩ። ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አልበራችም?»

«አልበራችም።»

ገመዱ ፊት ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ። ወታደሮቹ በክፋት አልመጡም፤ ሊገፉልን ነው የመጡት። ጎማው ጭቃው ላይ አንሸራተተና አንዱ፣ «ጎማው ስር ጆንያ እናድርግ፣ አባባ» ብሎ ከኋላ ጭነት ቦታው ላይ ወጣ። ጆንያውን ሲያነሳ ጀማል ብቅ አለ።

በባዶ እግሩ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አላየነውም። እኔ ተናግሬ ከሩቅ ቆመን ቢሆን፣ ጀማል በመንገዱ ዳር ባለው የቡና ጫካ ውስጥ ይሸሽ ነበር።

አባቴ ጋቢና ተመልሶ፣ «አምፖሏ ተቃጥላ ነው መሰለኝ» አለና ቁልፉን አዞረ። ቀይዋ ቦግ አለች፤ አምፖሏ ደህና ናት። አየኝ። ትክ ብሎ አየኝ። ቁልፉን መለሰና፣ «ብርድ ነው፣ ሻርፕሽን ልበሺ» አለኝ። እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ገመዱ የለም፣ መንገዱም አስፋልት ሆኗል። ልጄ ግን ያኔ ጀማል በነበረበት ዕድሜ ላይ ነው። በየጠዋቱ ሚኒባሱ መስኮት ጋ ቆሜ፣ «አስነሳና አሳየኝ» እለዋለሁ። «እማ፣ መካኒክ ሆንሽ እኮ!» ይለኛል። መብራቷ ስትጠፋ ነው «አላህ ይጠብቅህ» ብዬ በሩን የምለቅለት።

ትናንት፣ «ከበራችብህ ቁም። ፊትህ ማንም ይኑር፣ ቁም» አልኩት።

«ማን ይኖራል፣ እማ?» አለኝ እየሳቀ።

የጀማልን ነገር ሳልነግረው፣ «እስቲ እንደገና አስነሳና አሳየኝ» አልኩት።